ጥንብ አንሳን በሳተላይት መከታተል፦ ከማሰሪያው እስከ ቆመችው ነጥብ

ስልካችሁ ላይ ካርታ ከፍታችኋል። ከሎጊያ ወጣ ብሎ አንዲት ነጥብ አለች፣ መከታተያ ያሰራችሁላት ጥንብ አንሳ ናት። ትናንት ማታ እዚያው ነበረች። ዛሬ ጠዋትም እዚያው ናት። አሁን ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ የአፋር ምድር እንደ ምጣድ ግሏል፣ አሞራ ሁሉ ሰማይ ላይ መሆን ባለበት ሰዓት ነጥቧ ንቅንቅ አላለችም። የወጣው ገንዘብና ድካም ሁሉ ዋጋ የሚያገኘው ከዚህ በኋላ በምታደርጉት ነው።

ስለ ሳተላይት ክትትል ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ስለ መሣሪያው ነው። ስንት ያወጣል? ባትሪው ስንት ዓመት ይቆያል? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው፣ እመጣባቸዋለሁ። ግን መሣሪያው የሚነግረን ወፏ የት እንዳለች ነው። ምን እንደገጠማት የሚያውቀው ቦታው ድረስ የሄደ ሰው ብቻ ነው። ይህን የምጽፈው ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ለፓርክ ባልደረቦች፣ አሞራ ሲያዩ ቆም ብለው ለሚያንጋጥጡም ሁሉ ነው።

መጀመሪያ ጥያቄያችሁን እወቁ

እኛ አገር ጥንብ አንሳ ሲባል አንድ ወፍ አይደለም። አዲስ አበባ ቄራ አካባቢ የምታዩዋት አነስ ያለች፣ ቡናማ፣ ቀጭን ምንቃር ያላት አለች። ገደል ላይ በብዛት የምትኖረው፣ የላባዋ ጫፍ ነጣ ነጣ ያለ፣ የሩፔል ጥንብ አንሳ የምትባለው አለች። እነዚህ ሁለቱ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድበዋል። ሰሜን ተራሮችና መንዝ ጓሳ ላይ አጥንት ከሰማይ ድንጋይ ላይ እየጣለ የሚሰብረው ደግሞ ሌላ ነው። አፋር ስትወርዱ ፊቷ ቢጫ፣ አካሏ ነጭ፣ የክንፏ ጫፍ ጥቁር የሆነችው የግብፅ ጥንብ አንሳ አለች። ከፊሏ የእኛው ነዋሪ ናት። ከፊሏ ከቡልጋሪያ፣ ከግሪክ፣ ከቱርክ ብርዱን ሸሽታ የመጣች እንግዳ ናት።

ታዲያ ስለ የትኛዋ፣ ምን ማወቅ ነው የምትፈልጉት? «የት እንደምትሄድ» የሚል መልስ አይበቃም። የምታድረው የት ነው? የምትሞተው በምንድን ነው? ቄራው ቢዘጋ ወይም ቢታጠር ወዴት ትሄዳለች? ጥያቄው ሲጠብብ ስንት ወፍ ላይ ማሰር እንዳለባችሁ፣ በየስንት ደቂቃው ነጥብ እንደሚያስፈልጋችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

በደንብ የተጠየቀ ጥያቄ ምን ያህል እንደሚጠቅም ላሳያችሁ። በባልካን አገሮች፣ ማለትም በቡልጋሪያ፣ በግሪክና በጎረቤቶቻቸው፣ የቀረችው የግብፅ ጥንብ አንሳ ከ100 ጥንድ በታች ናት። ጫጩቶቹ ይፈለፈላሉ፣ ያድጋሉ፣ በመስከረም ገደማ ይነሳሉ፣ አብዛኞቹ ግን ተመልሰው አይታዩም። የት እንደሚቀሩ ማንም በዓይኑ አላየም። መከታተያ ሲታሰርላቸው ነገሩ ታወቀ። ጎልማሶቹ በቱርክ፣ በሶርያና በሲና በኩል የብሱን ይዘው ነው የሚወርዱት። ጎልማሳ ተከትለው ያልሄዱት ጫጩቶች ግን ቀጥታ ወደ ደቡብ ይበሩና ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ይገባሉ። ከባሕር ላይ የሚያነሳ ሞቃት አየር የለም። ይደክማሉ፣ ይሰምጣሉ። አንድ ሙሉ የአደጋ ዓይነት በእነዚያ ጥቂት መሣሪያዎች ተገለጠ።

ሌላም ነገር አለ፤ ወፍ ከመያዛችሁ በፊት ሙቭባንክ የሚባለውን የመረጃ ቋት ፈልጉ። ከጀርመኑ ማክስ ፕላንክ ተቋም ጋር የሚሠራ፣ በነፃ የሚከፈት ነው። የብዙ አገር ተመራማሪዎች የወፎቻቸውን ጉዞ እዚያ ያስቀምጣሉ። የእናንተ ጥያቄ በቀድሞ መረጃ የሚመለስ ከሆነ ባለቤቶቹን በኢሜይል መጠየቅ ይበቃል። ወፍን ሳይይዙ መልስ ማግኘት ከተቻለ ያ ምንጊዜም ይመረጣል።

ፈቃድ፣ ከዚያ የአገሩ ሰው

ያለ ፈቃድ የዱር ወፍ መያዝ ወንጀል ነው። መነሻችሁ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ቦታው ክልል ላይ ከሆነ የክልሉን ቢሮ፣ ፓርክ ውስጥ ከሆነ የፓርኩን ጽሕፈት ቤትም ማነጋገር አለባችሁ። ደም ወይም ላባ ለምርመራ ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ጉዳይም ይሆናል። መሣሪያው ሬዲዮ አስተላላፊ ስለሆነ ጉምሩክ ላይ እንዳይያዝ ስለ ማስገቢያ ፈቃዱ አስቀድማችሁ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ። ወራት የሚፈጅ ነገር ነው። ወፏ የምትመጣበትን ወቅት ቆጥራችሁ ወደ ኋላ ጀምሩ።

ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ግን ሥራውን አይጨርስም። የቀበሌው ሰው፣ ሽማግሌው፣ ከብት የሚጠብቀው ልጅ ካላወቀ መሣሪያችሁ አደጋ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሳዑዲ አረቢያ አንድ ጥንብ አንሳ ተይዞ ነበር። ጀርባው ላይ ጂፒኤስ፣ እግሩ ላይ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ስም ያለበት ቀለበት አለ። ሰዎቹ ሰላይ ነው አሉ፣ ዜናው ዓለምን ዞረ። በኋላ የአገሪቱ የዱር እንስሳት ኃላፊዎች የምርምር መሣሪያ መሆኑን አስረዱ። እነዚያን ሰዎች አልፈርድባቸውም። አንቴና ያለው እንግዳ ዕቃ የተሸከመ አሞራ ደጃችሁ ቢያርፍ እናንተስ ምን ታስቡ ነበር?

ስለዚህ ቡና ተፈልቶ ቁጭ ተብሎ ይወራ። መሣሪያውን አሳዩ፣ ያስነኩ። ድምፅ እንደማይቀዳ፣ ካሜራ እንደሌለው ንገሩ። ከዚያ ደግሞ መሣሪያው ላይ ስልክ ቁጥር ለጥፉ፣ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ «የምርምር ነው፣ ካገኙት ይደውሉ» ብላችሁ ጻፉበት። ወፏ ድንበር የምትሻገር ከሆነ ዐረብኛም ይጨመር። በእኔ ልምድ ከየትኛውም ሶፍትዌር ይልቅ የጠፋ መሣሪያ ያስገኘው እረኛ ነው።

መሣሪያውን መምረጥ

በገበያው ላይ ሁለት ዓይነት በብዛት ታገኛላችሁ። አንዱ ያለበትን ቦታ በጂፒኤስ አውቆ በሳተላይት የሚልክ ነው። አርጎስ የሚባለው የፈረንሳይና የአሜሪካ ሥርዓት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እንዲህ ያለ መልእክት በሳተላይት ይቀበላል። ኔትወርክ በሌለበት በረሃም ይልካል፣ ግን ውድ ነው፣ የአገልግሎት ክፍያ በየጊዜው አለው፣ የሚልከውም መረጃ ጥቂት ነው። ሌላው ቦታውን ያው ከሳተላይት ይወስድና በሞባይል ኔትወርክ የሚልክ ነው፣ ውስጡ ሲም ካርድ አለ። ይሄኛው ረከስ ይላል፣ ብዙ መረጃም ይልካል። ኔትወርክ ከሌለ ውስጡ ያከማችና ወፏ ኔትወርክ ያለበት ስትደርስ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያወርደዋል።

ለእኛ አገር የቱ ይሻላል? የቄራ ወፎችን ከሆነ የምትከታተሉት የሲም ካርዱ በቂ ነው። ጎልማሳ ወፍ ወደ ሱዳን ወይም ወደ ቻድ በረሃ ትሄዳለች ብላችሁ ካሰባችሁ፣ ሞቷን ደግሞ በሳምንት ውስጥ ማወቅ ካለባችሁ፣ በሳተላይት የሚልከው ያስፈልጋችኋል። የሲም ካርዱን ስትገዙ በየትኛው የኔትወርክ ትውልድ እንደሚሠራ፣ አገራት ሲቀያየሩ ሮሚንግ እንዳለው ጠይቁ። ይህ ተረስቶ መሣሪያው ድንበር ሲሻገር ዝም ሲል አይቻለሁ።

ክብደቱ ላይ ግን ድርድር የለም። በሰፊው የሚሠራበት ልክ መሣሪያውም ማሰሪያውም ተደምሮ ከወፏ ክብደት ከመቶ 3 እንዳይበልጥ ነው። የግብፅ ጥንብ አንሳ 2 ኪሎ ገደማ ናት። ከመቶ 3 ማለት 60 ግራም ነው። ብዙ ይመስላል፣ ግን ይህ ጣሪያው እንጂ ግቡ አይደለም። 30 ግራም ካገኛችሁ 30ውን ውሰዱ። የሩፔሏ 7 ኪሎ ስለምትደርስ ሰፊ ቦታ አላት፣ ይህ ማለት ግን ጫኑባት ማለት አይደለም።

አብዛኞቹ በፀሐይ ቻርጅ ይሆናሉ። የአፋር ፀሐይ ለዚህ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ደጋው ላይ ግን ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ሲከብድ ባትሪው ይወርዳል፣ ነጥቦቹም ይሳሳሉ። በክረምት ነጥብ ቢቀንስ ወፏ ሞተች ብላችሁ አትደንግጡ፣ መጀመሪያ የባትሪውን መጠን እዩ።

መያዝና ማሰር

እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር። ይህን ክፍል አንብባችሁ ወፍ ለመያዝ አትሂዱ። ይህ እጅ ለእጅ ከሠለጠነ ሰው ጋር የሚማሩት ነገር ነው። እኔ የምጽፈው ቡድን ውስጥ ስትገቡ ምን እንደሚሠራ እንድትረዱ ነው፣ የሚሠራው ሰው ሲሳሳትም «ቆይ» እንድትሉ ነው።

መያዣው ብዙ ዓይነት ነው። በድን አጠገብ መሬት ላይ የሚዘረጋ ብዙ የናይሎን ሸምቀቆ ያለበት ሽቦ አለ። ምግብ ተቀምጦበት ወፏ ገብታ የሚዘጋ ትልቅ የሽቦ ቤት አለ። የሚወረወር መረብም አለ። የትኛውም ይሁን፣ ሰው ከአጠገቡ መራቅ የለበትም። ሸምቀቆ አጥምዶ ቡና ሊጠጣ የሚሄድ ሰው ወፍ ይሰብራል።

በድን ባለበት አሞራ ይሰበሰባል የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። ስለዚህ ማግኘቱ አይከብድም፣ ከባዱ ሰዓቱ ነው። ወጥመዱ ጎህ ሳይቀድ ይዘጋጅ። ፀሐይ ከበረታች በኋላ የተያዘች ወፍ በሙቀት ልትሞት ትችላለች። ጥላ ይኑር፣ ውሃ ይኑር፣ ሰው ይቀነስ። ከሦስትና ከአራት ሰው በላይ ቆሞ ፎቶ የሚያነሳ ከሆነ ሥራው ሠርግ ሆኗል ማለት ነው።

ወፏ እንደተያዘች ራሷ በስስ ጨርቅ ይሸፈናል፣ ወዲያው ትረጋጋለች። ክንፎቿ ወደ ሰውነቷ ተሰብስበው ይያዛሉ። አንድ ሰው ምንቃሯን ብቻ ይጠብቃል፣ ቆዳ የሚቀድድ ምንቃር ነው። ልታስታውክ ትችላለች፤ ጥንብ አንሳ ስትፈራ የምታደርገው ነው። ያኔ ጭንቅላቷ ወደ ታች ዘንበል ይበል፣ ወደ ሳንባዋ እንዳይገባ። ደረቷ ላይ ጫና አይደረግ፣ ወፍ የምትተነፍሰው ደረቷን እያንቀሳቀሰች ነው። ሠዓት የሚይዝ አንድ ሰው ይኑር። እጁ ላይ ሌላ ሥራ አይሰጠው።

ማሰሪያው ብዙውን ጊዜ ቴፍሎን የሚባል ለስላሳ ጠፍጣፋ ሪባን ነው። ላባ አይበላም፣ ቆዳ አያቆስልም። እንደ ልጅ የትምህርት ቤት ቦርሳ በትከሻና በደረት የሚታሰር አለ፣ በሁለቱ ታፋዎች ዙሪያ ገብቶ ወገብ ላይ የሚቀመጥም አለ። በቅርብ ዓመታት በተደረጉ ጥናቶች የታፋው ማሰሪያ ለወፏ በረራ የሚቀል ሆኖ ታይቷል፣ እኔም የምመርጠው እሱን ነው። ሲጠብቅ ያቆስላል። ሲላላ እግር ወይም ምንቃር ይገባበትና ወፏ ራሷን ታስራለች። ይህን ልክ ቃል አያስተምርም፣ ጣት ነው የሚማረው።

እግሯ ላይ ቀለበት የምታስቡም አላችሁ።   ብዙ ባለሙያዎች ግን ቁጥር ያለው ቀለም ያለው ምልክት ክንፍ ላይ ያደርጋሉ፣ በቢኖኩላርም ከሩቅ ይነበባል።

ነጥቦቹን ማንበብ

መሣሪያውን ስታዘጋጁ ለሊቱን አጥፉት። ጥንብ አንሳ የምትንሳፈፈው ምድር ሲሞቅ ከሚነሳው አየር ጋር ነው፣ ስለዚህ ቀኗ የሚጀምረው ከጠዋቱ 2 ወይም 3 ሰዓት አካባቢ ነው። ማደሪያዋን ለማወቅ ሌሊት አንዲት ነጥብ ትበቃለች። የቀረውን ባትሪ ለቀኑ አቆዩት።

አሁን መረጃው መጣ። መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሉ። መሣሪያው የሚጽፈው በግሪንዊች ሰዓት ነው። 3 ጨምሩበት የሚል ምክር ትሰማላችሁ፣ ያ ግን የፈረንጁን ሰዓት ነው የሚሰጣችሁ። በእኛ አቆጣጠር ለማወቅ 3 ቀንሱ። 05:00 ካለ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። 12:00 ካለ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። እረኛ ስትጠይቁ «በስንት ሰዓት አየሃት?» ብላችሁ የሚመልስላችሁ በእኛ ሰዓት ስለሆነ ይህ ቀላል ስሌት ብዙ ስህተት ያድናል።

ሁለተኛው የቦታው ቁጥር ነው። የሙቭባንክ ሰንጠረዥ የምሥራቅ ቁጥሩን አስቀድሞ የሰሜኑን ያስከትላል። ስልካችሁ ላይ ያለው የጉግል ካርታ ደግሞ ሰሜኑን አስቀድሞ ነው የሚፈልገው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን፣ 38.75 ዲግሪ ምሥራቅ ገደማ ናት። አገላብጣችሁ ከጻፋችሁት ነጥባችሁ ከጣሊያኗ ሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ባሕር ላይ ታርፋለች። ወፋችሁ ድንገት ሜዲትራኒያን ላይ ከተገኘች መጀመሪያ ይህን መርምሩ።

ከፍታውን ስታዩ ጥንቃቄ ይኑራችሁ። የሚጻፈው ከባሕር ወለል በላይ ነው። 2,500 ሜትር የሚል ቁጥር አፋር ላይ ማለት ሰማይ ጥግ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ዛፍ ላይ ተቀምጣለች ማለት ሊሆን ይችላል። ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ደግሞ ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። ብዙ ሰው ሶፍትዌሩን «ከዜሮ በታች ያለውን ሰርዝ» ይለዋል። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ምድር መሆኑን የሚረሳ ፈረንጅ ነው እንጂ እኛ መርሳት የለብንም። በጣም ከፍ ያለውንም ቶሎ አትጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 አቢጃን ሰማይ ላይ አንዲት የሩፔል ጥንብ አንሳ 11,300 ሜትር አካባቢ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭታለች። ከዚያ በላይ ሲበር የተመዘገበ ወፍ አላውቅም። አንዲት ነጥብ ብቻዋን ሰማይ ከነካች ስህተት ናት። ከፊቷና ከኋላዋ ያሉት እየጨመሩ ከመጡ ግን እመኗት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሥርዓቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ። ማታ ማታ የሚሰበሰቡ ነጥቦች ማደሪያ ናቸው። አፋር ላይ ማደሪያው ብዙ ጊዜ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ነው፣ ዛፍ ስለሌለ። ቀን ላይ ለአንድና ለሁለት ሰዓት የቆመች ነጥብ ብዙውን ጊዜ በድን ወይም ቄራ ወይም የቆሻሻ መጣያ ናት። ገደል ላይ ቀንም ሌሊትም ለሳምንታት የቆየች እንቁላል ታቅፋ ሊሆን ይችላል። ግብፃዊቷ የምትታቀፈው 42 ቀን ገደማ ነው፣ ከወዳጇ ጋር ስለምትፈራረቅ ግን አልፎ አልፎ ትወጣለች። ሁልጊዜ እዚያው፣ ፈጽሞ ሳትወጣ ከሆነ ሌላ ነገር አስቡ።

የጎጆን ቦታ በፌስቡክም በቴሌግራምም አትለጥፉ። በጉጉት የሄደ ጎብኚ ብቻ ወፏን ከእንቁላሏ ሊያስነሳት ይችላል። ካርታ ማሳየት ካማራችሁ የወራት ዕድሜ ያለውን፣ ያውም ሰፋ ባለ መጠን አሳዩ።

መሣሪያ የመግዛት አቅም ለሌላችሁም ሥራ አለ። አንዱ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው፣ ስለዚህ አብዛኞቻችን የሌላውን ወፍ ነው የምንጠብቀው። ክንፏ ላይ ቁጥር ያላት ወይም ጀርባዋ ላይ አንቴና ያላት ጥንብ አንሳ ካያችሁ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ቀለሙንና ቁጥሩን መዝግቡ፣ ፎቶ ካለ ይጨመር፣ ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አሳውቁ። ማኅበሩ ለእነዚህ ከባልካን ለሚመጡ ወፎች በተሠራው ጥበቃ ውስጥ ከአውሮፓዎቹ ጋር አብሮ ሠርቷል። ቡልጋሪያ ያለ ሰው ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የእናንተን መልእክት እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።

የቆመችው ነጥብ

ወደ ሎጊያዋ ነጥብ እንመለስ። ከመነሳታችሁ በፊት መሣሪያውን ጠይቁት። እንቅስቃሴ የሚለካ ክፍል ካለው ተመልከቱ፤ ወፍ ቁጭ ብላም ትንቀሳቀሳለች፣ ላባዋን ታበጃለች። ፍጹም ዜሮ ከሆነ ወይ መሣሪያው ወድቋል ወይ ወፏ ሞታለች። ሙቀቱን እዩ፣ ቀን እንደ መሬቱ የሚግል ሌሊት እንደ መሬቱ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ምልክቱ መጥፎ ነው። ባትሪው ቀስ በቀስ እየወረደ ከሆነ የፀሐይ መቀበያው መሬት ላይ ተደፍቶ ይሆናል። ነጥቡ ሰው ቤት ውስጥ ከገባ ደግሞ አንድ ሰው አንስቶታል። ያኔ ከፖሊስ ጋር ሳይሆን ከሽማግሌ ጋር ሂዱ፣ በሰላም ይመለስላችኋል።

ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ተነሱ። ጅብና ቀበሮ ማስረጃውን በአንድ ሌሊት ይጨርሱታል። ብቻችሁን አትሂዱ። ጓንት፣ ወፍራም ላስቲክ ከረጢት፣ ውሃ፣ ሙሉ ቻርጅ ያለው ስልክ ያዙ። እዚያው አካባቢ ያለ ሰው ቀድሞ ይድረስ ብላችሁ ከሩቅ የምትደውሉ ከሆነ ግን በባዶ እጁ ምንም እንዳይነካ አስጠንቅቁት።

ለምን መሰላችሁ? መርዝ ሊሆን ይችላል። ሰው ጅብን ወይም ባለቤት አልባ ውሻን ለመግደል በድን ላይ መርዝ ያደርጋል። ብዙ ጊዜ ጥንብ አንሳን አስቦ አይደለም፣ የምትሞተው ግን እሷ ናት፣ ያውም በጅምላ፣ ምክንያቱም አንዷ ስትወርድ ሌሎቹ አይተው ይከተላሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በቦትስዋና በሦስት የዝሆን በድኖች ላይ ብቻ ከ530 በላይ ጥንብ አንሳዎች ሞተው ተገኝተዋል። በጊኒ ቢሳው ደግሞ በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ ያለቁት ከ2,000 በላይ ነበሩ፣ ቄራ ላይ የምናያቸው ዓይነቶቹ። እናንተ ቶሎ ከደረሳችሁ በድኑን በእሾህና በሸራ ሸፍናችሁ ቀጣዮቹን ታድናላችሁ። ናሙና የሚወስድ ባለሙያ እስኪመጣ ግን አታቃጥሉት።

ቦታው ስትደርሱ ቁሙ። ሳትነኩ ፎቶ አንሱ፣ ከሩቅም ከቅርብም። ከወፏ ተነስታችሁ እየሰፋ በሚሄድ ክብ ዙሩ። ሌላ የሞተ ወፍ አለ? የሞተ ውሻ? የሞተ ዝንብ ያለበት ሥጋ? ብዙ ወፎች አንድ ላይ፣ ጉሮሯቸው ሥር ያለው ከረጢት ምግብ እንደሞላ ከተገኙ መርዝን ጠርጥሩ።

ከዚያ ቀና በሉ። በላያችሁ ሽቦ አለ? ረጃጅሞቹ የከፍተኛ ኃይል ማማዎች አይደሉም ዋናዎቹ ገዳዮች፣ በእነሱ ላይ ሽቦና ሽቦ ተራርቋል። ገዳዮቹ ወደ ቀበሌው የሚገቡት አጫጭሮቹ ምሰሶዎች ናቸው። ግብፃዊቷ ክንፏን ስትዘረጋ 1.5 ሜትር ታልፋለች። በአንድ ክንፏ ሽቦውን፣ በሌላው የብረቱን መስቀያ ከነካች አለቀ። ላባዋ ወይም እግሯ ላይ የተቃጠለ ቦታ ፈልጉ። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ፖርት ሱዳን አጠገብ በ1950ዎቹ የተዘረጋ 31 ኪሎ ሜትር መስመር ነበረ። በዕድሜው በመቶዎች፣ ምናልባትም በሺዎች የሚቆጠሩ የግብፅ ጥንብ አንሳዎችን ገድሏል። መፍትሔው የመጣው ሰዎች ሥሩ ሄደው በድን ስለቆጠሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 መስመሩ ተቋርጦ በተሸፈነ ሽቦ ተተካ። በእኛም አፋር አደገኛ ምሰሶዎች ላይ ሽቦውን የመሸፈን ሥራ ተሠርቷል። የትኛው ምሰሶ እንደሚሸፈን የሚወሰነው ደግሞ የትኛው እንደገደለ ሲታወቅ ነው።

ስለዚህ መሣሪያውን ከወፏ ፈታችሁ ከማንሳታችሁ በፊት የምሰሶውን ቅርጽ ፎቶ አንሱ፣ የላይኛው መስቀያው በደንብ ይታይ። ምሰሶው ቁጥር ካለው ጻፉት፣ ከሌለው የጂፒኤስ ነጥቡን ያዙ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ምሰሶ ሂዱና ሥሩን እዩ።